ምክር ለልብ እንዲደርስ



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ረመዷን ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽንፋ ውስጥ ከአጎቴ ደጃፍ ዳስ ሥር ተቀምጠን ነበር። የቆላው ሙቀት ጥላ ውስጥም አያስቀምጥም። አጎቴ ስለ ሰሊጥ ዋጋ ሲያወጉን ቆይተው ድንገት ምላሳቸው ተሳሰረ። በቀኝ እጃቸው የያዙት መስበሐ ከመሬት ወደቀ። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ቀና ሲሉ የፊታቸው ግማሽ ወደ ታች ወርዷል።

አንዱ «ጾሙ ነው ያደከማቸው» አለ። ሌላው «ምች መቷቸው ነው» አለ። ውሃ ላፋቸው ያቀረበም ነበር፤ ውሃው በከንፈራቸው ዳር ተመልሶ ፈሰሰ። እኔም፣ አስተማሪ የምባለው ሰው፣ «ትንሽ እናሳርፋቸው፤ መግሪብ ደርሶ ሲያፈጥሩ ይበረታሉ» ካሉት አንዱ ነበርሁ። በዚህ ሁኔታ ሰዓቱ ባከነ። መኪና ተፈልጎ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ሌሊት ሆኗል። «ስትሮክ ነው፤ የመጣውም በደም ግፊት ምክንያት ነው» ተባልን።

አልሐምዱሊላህ፣ ሕይወታቸው ተርፏል። ሰሊጥ የዘራችበት፣ ልጆች ያቀፈችበት ቀኝ እጃቸው ግን እስከ ዛሬ እንደ ቀድሞው አልሆነችም።

ከዚያ በኋላ ቤታቸውን ስንፈትሽ ከሣጥን ውስጥ ያልተነካ ኪኒን አገኘን። ግፊት እንዳለባቸው ከወራት በፊት ተነግሯቸው፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ እንዲውጡ ታዝዞላቸው ኖሯል። ረመዷን ሲገባ ጠዋት መዋጥ ስለማይቻል አቋረጡት። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር እንደሚቻል የነገራቸው አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። «ምንም ሳያመኝ ምን ያደርግልኛል?» ይሉ እንደነበር ባለቤታቸው ነገሩን።

ከሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። በስልካቸው ውስጥ ስለ ልብ ጤና የሚመክር አጭር የጽሑፍ መልእክት ተቀምጦ ነበር። ከወራት በፊት «ልጄ፣ እስኪ ይህን አንብብልኝ» ብለው ያስነበቡኝ መልእክት ነው። ክብደት መቀነስን፣ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ማዘውተርን፣ የተመጣጠነ ምግብ መመገብን ይመክራል። አጎቴ ሰምተው ሳቁ። «ሰሊጥ ሳርም የዋልሁ ሰው ደግሞ ምን እንቅስቃሴ ላድርግ? ይህ ለከተማ ሰው የተላከ ነው፤ ተሳስቶ ወደኔ መጥቷል» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መልእክቱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ስለ ጾምና ስለ ኪኒን ሰዓት አንድም ቃል የለውም። ስልካቸው ድረስ መጣ እንጂ ቤታቸው አልገባም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳስበው የኖርሁት ይህንኑ ነው። ምክር ለልብ እንዲደርስ፣ ሰውየው በሚኖርበት ቤት፣ በሚናገርበት ቋንቋ፣ በሚጾምበት ወርና በሚበላበት ገበታ በኩል መግባት አለበት።

ድምፅ የሌለው በሽታ

የልብና የደም ሥር በሽታዎች በዓለም ላይ ከሁሉም በሽታዎች ይልቅ ብዙ ሰው ይገድላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በእነዚህ በሽታዎች የሞተው ሰው ወደ 18 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ገምቷል። ብዙዎቻችን የሀብታም አገር በሽታ አድርገን ብናየውም፣ ከሟቾቹ ከአራት ሦስቱ እጅ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ጎልማሶች ወደ 16 የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚሁ ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበላ ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ማለት ነው።

የደም ግፊት ክፋቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ጥርስ ያስጮኻል። ግፊት ግን ለዓመታት ሳያሳምም የደም ሥርን ግድግዳ ያደክማል፣ ልብን ያለ አቅሟ ያሠራል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። አንድ ቀን ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ስትሮክ ይሆናል። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ደግሞ የልብ ጡንቻ ይሞታል። ሕመም ስለሌለው ሰው ራሱን ጤነኛ አድርጎ ይቆጥራል፤ ኪኒኑም ትርፍ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ግፊት ያለበት ሰው ከሌላው በሽተኛ ይልቅ አስታዋሽ ያስፈልገዋል። የስልክ መልእክት ጉዳይም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የስልክ መልእክት ምን ሊያደርግ ይችላል?

በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ ፕሮፌሰር ክላራ ቻውና ባልደረቦቻቸው የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 710 ሰዎች በሁለት ከፍለው አጠኑ። ለግማሾቹ በሳምንት አራት አጭር መልእክት ለስድስት ወር ላኩላቸው። መልእክቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት አልነበረም። በየሰዉ ስም ይላካል፤ ስለ ማጨስ የሚመክረው ለሚያጨስ ብቻ ይደርሳል፤ ሥጋ ለማይበላ ሰው ስለ ሥጋ አይነገረውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት መልእክቱ የደረሳቸው ሰዎች ዋነኛው የደም ግፊት ቁጥር ካልደረሳቸው በ8 ነጥብ ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳየ። በስድስተኛው ወር ላይ የሚያጨሱት መልእክት ከደረሳቸው ከ100 ወደ 26፣ ካልደረሳቸው ደግሞ ከ100 ወደ 43 ነበሩ።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ግፊት ያለባቸው 1372 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተጠኑ። መልእክቱ የሚላክላቸው ራሳቸው በመረጡት ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት ግፊታቸው የቀነሰው በጥቂቱ ነው። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የወሰዱት ግን መልእክት ካልደረሳቸው ከግማሽ በታች ሲሆኑ፣ ከደረሳቸው ከ100 ወደ 60 ደርሰዋል።

ነገሩን ማጋነን ግን አይገባም። እነዚያው የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከ1400 በላይ በሽተኞችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ሌላ ጥናት፣ መልእክቱ የመድኃኒት አወሳሰድን አላሻሻለም ብሏል። መልእክት አስታዋሽ ነው። መድኃኒት ለሌለው ሰው መድኃኒት አይሆንም፤ ግፊቱን ያልተለካውንም አይለካለትም።

ለእኛ ቤት ይበልጥ የሚቀርበው የሴኔጋል ተሞክሮ ነው። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ይህች አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ሆና፣ ስኳር ላለባቸው ሰዎች ረመዷንን የተመለከተ የስልክ ምክር መላክ ጀመረች። ስለ ጾም አለመናገርን እንደ ብልኃት አልቆጠሩትም። ሰዉ የሚጾም መሆኑን አውቀው ምክሩን ከጾሙ ጋር አስማሙት።

በአገራችንም ስልክ ለምክር መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 የተባለው የገበሬዎች ነፃ የስልክ መስመር የእርሻ ምክርን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በድምፅ አሰምቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው ድምፅ ይልቅ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለውን ምክር እንሰማ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ያንን ቃል በቃሉ ያውቁት እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን።

አክስቴ የእርማት ብዕር ሲይዙ

የአጎቴ ባለቤት፣ እኔ አክስቴ የምላቸው፣ ከባለቤታቸው በኋላ ተለክተው እሳቸውም ግፊት ተገኘባቸው። በአጎቴ ላይ ያጠፋሁትን በሳቸው ላይ ላለመድገም ብዬ በሳምንት ሦስት ቀን አጭር መልእክት እጽፍላቸው ጀመር። ምክሩን አስቀድሜ ለጤና ባለሙያ እያሳየሁ ነበር የምልከው። አክስቴ ማንበብ አይችሉም። ማታ ከመግሪብ በኋላ አምስተኛ ክፍል የሆነው የልጅ ልጃቸው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ከዚህ የተማርሁት ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ቃሉ ነው። «ጨው ቀንሺ» ብዬ ጻፍሁ። ልጁ አያቱን «ቀንሺ» ብሎ ማንበብ አፍሮ ዝም አለ። በአማርኛ ያለ አክብሮት የሚነገር ምክር ስድብ ይሆናል። «ውሰድ»፣ «ውሰጂ»፣ «ይውሰዱ» የሚሉት ሦስት የተለያዩ ደጃፎች ናቸው። ለሽማግሌ የሚላክ መልእክት «ይውሰዱ» ካላለ ከደጅ ይመለሳል። ለወጣት በጻፉት ላይ የሽማግሌውን ስልክ ቁጥር መጨመር አይበቃም።

ሁለተኛው ስለ መጠኑ ነው። በፊደላችን የሚጻፍ አንድ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። መጀመሪያ ይህ እንደ እንቅፋት ታይቶኝ ነበር። በኋላ ግን በረከት ሆኖ አገኘሁት። በ70 ሆሄ ውስጥ መፈላሰፍ አይቻልም፤ አንድ ነገር ብቻ ተናግሮ ማቆም ነው። ልጁም ሳይደናቀፍ ያነበዋል፤ አያቱም በቃላቸው ይይዙታል።

ሦስተኛው ስለ ቋንቋው ነው። በእኛ አካባቢ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ጉምዝኛና የሱዳን ዐረብኛ ይሰማል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በመተማ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ተሻግሯል፤ ከእነዚህም ውስጥ የግፊት መድኃኒቱ በመንገድ ያለቀበት አይጠፋም። አላህ መልእክተኞቹን በየሕዝባቸው ቋንቋ እንደላካቸው በሱረቱ ኢብራሂም ተነግሮናል። ነቢያት በሰዉ ቋንቋ ከተናገሩ፣ የኪኒን መልእክት ምን ሆኖ ነው በማይገባ ቋንቋ የሚላከው?

ጨውና ዘይት በሽንፋ ማጀት

«ጨው ይቀንሱ» ብዬ አስተካክዬ ስልክም አክስቴ አልተዋጠላቸውም። «እኔ ጨው የምጨምረው በእጄ ነው፤ እጄን በምን ልለካው?» አሉኝ። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ጨው በአንድ ወጥ ውስጥ ሦስት ጊዜ እንደሚገባ አየን። በርበሬው ሲዘጋጅ ይገባል፤ ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይጨመራል። በረመዷንማ ይብሳል። ብዙ እናቶች በጾም ሰዓት ወጡን ስለማይቀምሱት ጨውን በግምት ያበዙታል።

አክስቴ ራሳቸው መፍትሔ አመጡ። በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ጨው መጨመሩን ተዉት። ወጡ ላይ ደግሞ በእፍኝ መዝገናቸውን ትተው በጣት ቆንጥረው ይጨምራሉ። «የጎደለው እንዳይታወቅ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አበዛሁበት» አሉ። ይህን ዘዴ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ መልእክቱ ላይ ግን ጻፍሁት።

ስለ ዘይት ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። መተማ የሰሊጥ አገር ነው። በየዓመቱ ሰሊጡን በኩንታል ለነጋዴ እንሸጣለን፤ ሰሊጡም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። እኛ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን የሚረጋ የፓልም ዘይት በቢዶን ገዝተን እንገባለን። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት ነው። በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ይህ ስብ ከ100 እጅ ወደ 15 ብቻ ነው። የኑግ ዘይትም ከሚረጋው ይሻላል። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ከሽያጩ በፊት ለቤት የሚሆን ጥቂት ማስቀረት ለብዙ ገበሬ አይሳነውም። የትኛውንም ዘይት ቢሆን አሳንሶ መጠቀም ደግሞ ገንዘብም ያተርፋል።

የቆላው ገበታ ለልብ የሚስማማ ብዙ ነገር አለው። ፉል ጨውና ዘይቱ ካልበዛበት መልካም ምግብ ነው። ባሚያና ቅጠላ ቅጠል፣ የማሽላ እንጀራና ኪስራ፣ ከወንዝ የሚወጣው ዓሣም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ የሥነ ቅርስ ጥናት፣ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በሽንፋ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች ድርቁ ሲበረታ ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ ወደ መብላት እንደዞሩ ገልጿል። በዚህ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ገበታውን እንደ ዘመኑ መለወጥ ዛሬ አልጀመረም።

ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እስኪተኛ የሚጣፍጠው ሻይ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ከርከዴ ያለ ስኳር ቢጠጣ ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ይሁን እንጂ ኪኒንን አይተካም።

ከከንፈር ሥር ያለው ጠላት

ሱዳኖች ቱምባክ የሚሉት ከከንፈር ሥር የሚያዝ ትንባሆ በድንበሩ አካባቢ ብዙ ወዳጅ አለው። «ጭስ ስለሌለው አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ኒኮቲኑ ግን በአፍ ሥጋ በኩል ወደ ደም ገብቶ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጭስ የሌለው ትንባሆ በልብ ሕመምና በስትሮክ የመሞትን አደጋ እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል።

ለዚህም ከባዕድ አገር ምክር ከማምጣት ይልቅ ሰውየው ራሱ የሚያደርገውን ማሳየት ይሻላል። በረመዷን ቱምባክ የሚይዝ ሰው ከሱብሒ እስከ መግሪብ አስራ ሦስት ሰዓት ያህል ያለ ቱምባክ ይውላል። ቀኑን መዋል የቻለ፣ ማታውንም ሊሞክር ይችላል። የሚያስፈልገው ይህን በሰዓቱ የሚያስታውሰው ነው። ሰዓቱም ከኢፍጣር በኋላ ያለው ነው፤ እጅ ወደ ቱምባኩ የሚሄደው ያን ጊዜ ነውና።

ጾምና ኪኒን

የሁሉም ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ጾም ለበሽተኛ የተገራ መሆኑን፣ መጾም የሚጎዳው ሰው ሌላ ጊዜ እንደሚከፍል በሱረቱል በቀራ ተነግሮናል። ይህን ሐኪሙም ዐሊሙም ያውቁታል። ነገር ግን ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ጾም ይተው ማለት አይደለም። ግፊታቸው ረግቶ የተያዘላቸው ብዙ ሰዎች በሐኪም ምክር ይጾማሉ። እንደ አምሎዲፒን ያሉ በቀን አንዴ የሚዋጡ ኪኒኖች በብዙ ሰው ላይ ወደ ማታ መዞር ይችላሉ። ሽንት የሚያበዙት ኪኒኖች ግን በቆላ ሙቀት፣ ውሃ በማይጠጣበት ቀን፣ ሰውነትን ሊያደርቁ ስለሚችሉ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በነዚህ ዓመታት ረመዷን የወደቀው በበጋው ሙቀት ላይ በመሆኑ ነገሩ ለኛ አካባቢ ይብሳል። ልቡ ደካማ የሆነ፣ በቅርቡ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር መጾም የለበትም።

ስለዚህ መልእክቱ መድረስ ያለበት ረመዷን ከገባ በኋላ አይደለም። ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ጊዜ ሳለ ነው። አጎቴ ያጡት ይህችን አንዲት መልእክት ነው።

የሰሊጥ ወቅትም እንዲሁ ነው። በጥቅምት ሰሊጥ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ሰዉ ሁሉ ወደ እርሻው ወርዶ ሳምንታት ይቆያል፤ ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታም ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ በየቀኑ «ኪኒንዎን ይዋጡ» ቢባል ማን ይሰማል? መላክ ያለበት ከመውረዱ በፊት ነው።

ለሽንፋ ቤት የሚሆኑ መልእክቶች

ከአክስቴ እርማት በኋላ የቀሩትን እነሆ። እያንዳንዱ ከ70 ሆሄ አይበልጥም። ለወላጆቻችሁ መላክ ትችላላችሁ።

1. «ደህና ነኝ ብለው የግፊት ኪኒንዎን አያቋርጡ። ግፊት ድምፅ የለውም።»

2. «ረመዷን ሊገባ 2 ሳምንት ቀረው። የኪኒን ሰዓትዎን ለማስተካከል ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»

3. «በጾም ወር ሐኪምዎ ባሉት ሰዓት፦ ሲያፈጥሩ ወይም በሱሑር ኪኒንዎን ይዋጡ።»

4. «በርበሬውም ሽሮውም ጨው አለበት። ወጡ ላይ በጣት እንጂ በእፍኝ አይጨምሩ።»

5. «ሰሊጡን ስንሸጥ ለቤታችን ዘይት የሚሆን እናስቀር። ለልብ ይሻላል።»

6. «ወደ እርሻ ሲወርዱ ከስንቁ ጋር የወር ኪኒንዎን ይያዙ።»

7. «ከሱብሒ እስከ መግሪብ ያለ ቱምባክ ዋሉ። ማታውንም ይሞክሩት።»

8. «ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ መግሪብን አይጠብቁ፤ ወደ ሐኪም!»

ስምንተኛዋን የጻፍኋት ለራሴ ነው። ስትሮክ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ባለበት ሆስፒታል እንኳ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ለደረሰ ሰው ነው። መድኃኒቱ በሌለበትም ፈጥኖ የደረሰ ሰው ከዘገየው ይልቅ ብዙ ይጠቀማል። ለእንዲህ ያለ ሰው ውሃም ምግብም ኪኒንም በአፉ አይሰጥ፤ ሊያንቀው ይችላል። ደረቱን የጨመደደው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሄደ፣ ላብ ያጠመቀው ሰውም እንዲሁ በአስቸኳይ ይወሰድ።

ልጆቻችንንም አንርሳ

የልብ ሕመም የሽማግሌ ብቻ አይደለም። በአገራችን ብዙ ልጆችና ወጣቶች በሩማቲክ የልብ ሕመም ይሠቃያሉ። ይህ ሕመም የሚጀምረው በተገቢው መድኃኒት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ቁስለቱ ይድናል፤ የሰውነት መከላከያ ግን ተሳስቶ የልብን በሮች ያጠቃል። ልቡ የተጎዳ ልጅ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እንዳለው የልብ ማዕከል ወደመሳሰለ ቦታ መሄድ ሊያስፈልገው ነው፤ ከሽንፋ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው። አስቀድሞ ጉሮሮውን ማሳከም ግን ቅርብ ነው። ሕመሙ የተገኘበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ እንዳያልፈው ያስፈልጋል። ቀኑን የሚያስታውስ አንድ የስልክ መልእክት እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው።

ጥቂት ማሳሰቢያ

ዛሬ በስልክ የሚመጣ መልእክት ሁሉ አይታመንም። «ሽልማት ደርሶዎታል» እያሉ ገንዘብ የሚያጭበረብሩ በዝተዋል። ስለዚህ ለአንድ ሰፈር የጤና መልእክት የሚላክ ከሆነ፣ ከማን እንደሚመጣና ገንዘብ እንደማይጠይቅ አስቀድሞ በጁሙዓ ቀን በመስጊድ፣ በቀበሌ ስብሰባና በትምህርት ቤት ቢነገር መልካም ነው። የጤና ባለሙያው ቃሉን ይመርምር፤ ኢማሙ ስለ ጾሙ ያለውን ይመልከት፤ አስተማሪው አማርኛውን ያቃና፤ እናት ደግሞ በመጨረሻ ትስማውና ታርመው። የእናቲቱ እርማት የቀረበት መልእክት ያጎድላል።

በብዙ ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም የባልየው ነው። ለሚስት የሚላከው ምክር እዚያው እንዳይቀር፣ አንብቦ የሚነግራት ልጅ ወይም ዘመድ አስቀድሞ ይታወቅ። ማንበብ ለማይችልም በድምፅ መንገር ይበልጣል። መልእክት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በተራው የቁልፍ ስልክም ይነበባል። ይህ ለእንደኛ ያለ አካባቢ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ኪኒኑ በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ መገኘት አለበት። «ኪኒንዎን አያቋርጡ» የተባለ ሰው ሄዶ «አልቋል» ከተባለ፣ ቀጣዩን መልእክት አያነብም። ላኪው የቃሉን አማና የሚወጣው መድኃኒቱ ሲገኝ ነው።

አክስቴ ዛሬ በየወሩ ይለካሉ፤ ግፊታቸው ረግቷል። ባለፈው ረመዷን ሱሑር ላይ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዞ ሲመጣ «አውቀዋለሁ፤ ዋጥሁት» አሉት። አጎቴ ከጎናቸው ተቀምጠው በግራ እጃቸው መስበሐቸውን እየቆጠሩ ነበር። ልጁን ጠርተው «ያችን የመጨረሻዋን አንብባት» አሉት። ልጁም «መግሪብን አይጠብቁ» የሚለውን አነበበላቸው። ወደኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉና፣ «ይቺ እንኳ ተሳስታ አልመጣችም» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ስትደውሉ «ግፊትዎን ተለክተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ከ70 ሆሄ በታች ነው።

አላህ ለሁላችንም ጤናና ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።